የማይፈስ ጅረት እንዴት ይለካል? በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋማ ስፍራዎች የከተማ ዳር ውሃን ብክለት ስለ መከታተል

ስለ ውሃ ብክለት ክትትል የተጻፉ አብዛኞቹ መመሪያዎች አንድ ያልተነገረ ግምት ይዘው ይነሣሉ። ግምቱም ናሙና ወሳጁ በደረሰበት ቀን ሁሉ ውሃው በስፍራው ይገኛል የሚል ነው። ባለሙያው በወሩ ውስጥ በተወሰነ ቀን ወደ ተወሰነ ነጥብ ይሄዳል፤ ጠርሙሱን ይሞላል፤ ሙቀቱን፣ ፒኤቹን፣ በውሃው የሟሟውን ኦክስጅን መዝግቦ ይመለሳል። በዓመቱ መጨረሻ አሥራ ሁለት ቁጥሮች ይደረደራሉ፤ አማካያቸው ተወስዶ ከደረጃው ጋር ይነጻጸራል። በሰቆጣ ዙሪያ ባሉ ትንንሽ ጅረቶች ይህን መመሪያ ቃል በቃል የሚከተል ተመራማሪ ግን ከአሥራ ሁለቱ ጉዞዎች በአብዛኞቹ የሚያገኘው አሸዋና ጠጠር ነው። ቅጹ ላይ «ውሃ የለም» ብሎ ጽፎ ይመለሳል። ውሃ የለም ማለት ግን ብክለት የለም ማለት አይደለም። ከአሸዋው ሥር ውሃ አለ፤ ያንን ውሃ ጭሮ አውጥቶ የሚጠጣ ሰውም አለ።

ስለዚህ በዋግ ኽምራ ለሚታሰብ ክትትል የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው መሣሪያ ይገዛ የሚለው አይደለም። መቼና የት ይለካ የሚለው ነው። የቀን መቁጠሪያውን ትቶ የውሃውን ጠባይ የሚከተል፣ ከወንዙ መካከል ይልቅ ሰው ከሚቀዳበት ቦታ የሚነሣ ክትትል በአነስተኛ ወጪ ብዙ ሊናገር ይችላል። በተቃራኒው ውድ መሣሪያ ይዞ በተሳሳተ ቀን መሄድ ንጹሕ የሚመስል ሠንጠረዥ ከማፍራት አያልፍም።

ዝናቡ እንደ ማዕበል

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ስትሆን ከባሕር ወለል በላይ ከ2200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአስተዳደሩ ክልል የሚወርደው ውሃ በጸላሪና በሌሎች ገባሮች አድርጎ ተከዜ ይገባል። ዝናቡ አጭር ነው። የዓመቱ ድርሻ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፤ የበልጉ ዝናብ የሚታመን አይደለም። ተዳፋቱ የተራቆተ፣ አፈሩም ስስና ድንጋያማ በመሆኑ የወረደው ዝናብ ወደ መሬት ከመስረግ ይልቅ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጎርፍ ሆኖ ያልፋል። ጎርፉ ሲያልፍ ጅረቱ ለጥቂት ሳምንታት ቀጭን ሆኖ ይፈሳል፤ ከዚያ ወደ ተቆራረጡ ኩሬዎች ይለወጣል፤ በመጨረሻም አሸዋ ይሆናል።

ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ጋር ማነጻጸሩ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የሞምባሳ ከተማ ፍሳሽ የሚገባበት የቱዶር ሰርጥ በቀን ሁለት ጊዜ በባሕር ማዕበል ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። እዚያ ናሙና የሚወስድ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው የማዕበሉን ሰዓት ነው፤ ያለዚያ የለካው የከተማውን ፍሳሽ ይሁን የባሕሩን ውሃ ሊያውቅ አይችልም። በሰቆጣ የማዕበሉን ሥራ የሚሠራው ዝናቡ ነው። ልዩነቱ ማዕበል በየዕለቱ ሲመጣ ዝናቡ የሚመጣው በዓመት ሁለት ወር መሆኑ ነው። በሌሎቹ አሥር ወራት ከከተማው የሚወጣው ቆሻሻ ሁሉ በደረቁ የጅረት አልጋ፣ በቦዮችና በተዳፋቱ ላይ ሳይታጠብ ይጠራቀማል። የዓመቱ ቁሻሻ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊንቀሳቀስ ይችላል ማለት ነው።

ቆሻሻው ራሱ ምን እንደ ሆነ መለየትም ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የወንዝ ብክለት ሲነሣ ቶሎ የሚታወሱት የአዲስ አበባዎቹ ትንሹና ትልቁ አቃቂ ናቸው። በእነርሱ ዳር በመስኖ የሚለማው አትክልት ስለሚይዘው ከባድ ብረት ለዓመታት ሲጠና ቆይቷል። በአማራ ክልልም የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ወደ ቦርከና ገባሮች የሚያደርሰው ክሮሚየምና ዚንክ የምርምር ጉዳይ ሆኗል። የሰቆጣ ሁኔታ ከነዚህ ይለያል። በመጀመሪያ ረድፍ የሚቆመው የሰውና የከብት ዓይነ ምድር ነው። ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን የሚተርፈው የእርድና የእህል ጥራጊ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳሙና፣ ከጋራዥና ከመኪና እጥበት የሚወጣ ዘይት፣ ከጠላና ከአረቄ ቤቶች የሚደፋ አተላ፣ ከጤና ተቋማት የሚወጣ ቆሻሻና ፕላስቲክ ይመጣሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት ሳቢያ ከአበርገሌና ከሌሎች ወረዳዎች የተፈናቀሉ ሰዎች በሰቆጣና በአካባቢዋ በመጠለላቸው በጥቂት ውሃና በጥቂት መጸዳጃ ላይ የሚኖረው ሕዝብ ጨምሯል። ስለዚህ ለአቃቂ የተዘጋጀን የመለኪያ ዝርዝር ገልብጦ በከባድ ብረት ላይ ገንዘቡን የሚጨርስ ጥናት ለሰቆጣ የሚያስፈልገውን ጥያቄ ሳይጠይቅ ይቀራል።

ኩሬና አሸዋ

የወንዝ ብክለት ሳይንስ ከተመሠረተባቸው ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1925 ስትሪተርና ፌልፕስ በአሜሪካው የኦሃዮ ወንዝ ጥናት መነሻነት ያቀረቡት ቀመር ነው። ቀመሩ ፍሳሽ ወንዝ ውስጥ ከገባበት ነጥብ ወደ ታች ኦክስጅኑ እንዴት እንደሚወርድና እንዴት መልሶ እንደሚያገግም ያሰላል። በዚህ ስሌት ውስጥ ርቀት የጊዜ ምትክ ነው፤ ውሃው ስለሚሄድ አሥር ኪሎ ሜትር ወደ ታች መውረድ በጊዜ ወደፊት መሄድ ይሆናል። በቆመ ኩሬ ውስጥ ግን ይህ አይሠራም። ኩሬው የራሱ ጊዜ አለው። በቀን አረንጓዴው ዋቅላሚ በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ስለሚያመነጭ እኩለ ቀን ላይ የሚገኘው ቁጥር ጤናማ ወንዝን ያስንቃል። ሌሊቱን ያው ዋቅላሚና ባክቴሪያው ኦክስጅኑን ሲተነፍሱት ያድራሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ኩሬው ሊታፈን ይደርሳል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከቢሮ ተነሥቶ ቀትር ላይ የሚለካ ባለሙያ መልካሙን ቁጥር ብቻ ይዞ ይመለሳል። አንድን ኩሬ ጎሕ ሲቀድና ቀትር ላይ ሁለት ጊዜ መለካት አራት ኩሬዎችን አንድ ጊዜ ከመለካት የበለጠ ይናገራል።

ከፍታውም የራሱ ስሌት አለው። በባሕር ወለል ላይ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ንጹሕ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በሰቆጣ ከፍታ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ያው ውሃ ከ7 ሚሊግራም ብዙም የሚያልፍ አይሆንም። እንግዲህ ደረጃው በሊትር 6 ሚሊግራም ይሁን ቢባል፣ ለባሕር ዳርቻ ጅረት 3 ሚሊግራም ያህል የመውረጃ ቦታ ሲኖረው ለሰቆጣው ጅረት ያለው አንድ ብቻ ነው። ሳይበከልም ደረጃውን ሊስት ይችላል። ውጤቱን በሚሊግራም ብቻ ሳይሆን በስፍራው ግፊት ከሚቻለው ሙሌት በመቶኛ መግለጽ ይህን ስሕተት ያርማል። መለኪያው በየቀኑ ማለዳ በዚያው ከፍታ መስተካከል ይኖርበታል፤ ባሕር ዳር ወይም ኮምቦልቻ ላይ ተስተካክሎ የመጣ መሣሪያ ሳይነካ ሥራ አይጀምርም።

በድንጋይ ሥር የሚኖሩ ትንንሽ ነፍሳትን ቆጥሮ የውሃውን ጤና መገመት ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ዘዴ ነው። ለኢትዮጵያ ወንዞችም ኢትባዮስ የተባለ የራሳቸው መለኪያ ተዘጋጅቶላቸዋል። ዘዴው ርካሽ ነው፤ ላቦራቶሪ አይፈልግም፤ የሳምንታትን ታሪክ በአንድ መረብ ያወጣል። ኦክስጅን የሚወዱት ጠፍተው ቀዩ ትል መሰል የትንኝ ዕጭ ብቻ ከቀረ ውሃው መበከሉን መጠርጠር ይገባል። በሚደርቅ ጅረት ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ስሱዎቹ ነፍሳት የጠፉት ከተማው በክሏቸው ሳይሆን ጅረቱ ከሁለት ወር በፊት ደርቆባቸው ሊሆን ይችላል። ድርቀትና ብክለት በነፍሳቱ ላይ የሚተዉት ምልክት ይመሳሰላል። ይህን ለመለየት ከከተማው በላይ በሚገኝ፣ በተመሳሳይ ጊዜ በሚደርቅ ጅረት ላይ ማነጻጸሪያ ነጥብ መያዝ ግድ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ የምንጭ ውሃን እንደ ማነጻጸሪያ መውሰድ ከተማውን ባልሠራው ጥፋት መክሰስ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው አሸዋው ነው። ጅረቱ ሲደርቅ ሰዎች የአልጋውን አሸዋ በእጅና በቆርቆሮ ጭረው ከሥር የሚሰርገውን ውሃ ይቀዳሉ። አሸዋ መጥፎ ማጣሪያ አይደለም፤ በዝግታ የሚሰርግ ውሃ ከፊሉን ጀርም ጥሎ ይመጣል። ችግሩ ያለው በጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። ትናንት ተጭሮ ክፍት ባደረ ጉድጓድ ከብት ጠጥቷል፤ ውሻ ገብቷል፤ ከንፈሩ ላይ የነበረው ፋንድያ ተንሸራትቷል። ዛሬ ማለዳ ሁለት እርምጃ ከፍ ብሎ የተጫረው አዲስ ጉድጓድ ከዚያው አሸዋ፣ ከዚያው ውሃ የሚቀዳ ሆኖ ሳለ ሌላ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ተመራማሪው ሁለቱን ጎን ለጎን ካልለካ ብክለቱ ከከተማው በአሸዋው ሥር የመጣ መሆኑንና በጉድጓዱ አፍ የገባ መሆኑን መለየት አይችልም። መፍትሔዎቹም የተለያዩ ናቸው፤ አንደኛው የከተማን መጸዳጃ ይነካል፣ ሁለተኛው በጥቂት እሾህ አጥር ይቃለላል።

የመጀመሪያው ጎርፍ

በዓመት አሥር ጊዜ ጎርፍ ይመጣል፣ እያንዳንዱም አራት ሰዓት ይቆያል ብለን እናስላ። በድምሩ 40 ሰዓት ይሆናል። ዓመቱ ደግሞ 8760 ሰዓት አለው። በወር አንድ ጊዜ፣ ዝናቡን ሳያይ በተቆረጠ ቀንና ሰዓት ለሚመጣ ናሙና ወሳጅ አንዱ ጉዞው ከጎርፍ ጋር የመገጣጠም ዕድሉ ከ219 አንድ ነው። ጎርፍ ባለበት ሰዓት መንገዱም እንደማያስገባ ሲታሰብ ዕድሉ ከዚህም ያንሳል። በዚህ ዓይነት የተሰበሰበ መረጃ ጎርፉን ጨርሶ አያውቀውም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ለምን እንደሚያሳስብ ሌላ የተግባር ምሳሌ ያሳያል። በበጋ መግቢያ አንድ ጅረት በሰከንድ 2 ሊትር ይፈሳል፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100,000 ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ይገኝበታል እንበል። ያው ጅረት በጎርፍ ጊዜ በሰከንድ 2000 ሊትር ይፈሳል፤ ባክቴሪያው ግን በብዙ ውሃ ስለሚቀጥን በ100 ሚሊ ሊትር 10,000 ብቻ ነው። ጠርሙሱን ብቻ ላየ ሰው የጎርፉ ውሃ አሥር ጊዜ ይሻላል። ይዘቱ በፍሰቱ ሲባዛ ግን በበጋው በሰከንድ 2 ሚሊዮን፣ በጎርፉ 200 ሚሊዮን ባክቴሪያ ወደ ታች ይሄዳል፤ መቶ እጥፍ ማለት ነው። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። ከኩሬው ለምትቀዳ ሴት የሚያስፈልጋት የመጀመሪያው ነው። ከታች ላለው መስኖ፣ ለተከዜና ለግድቡ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። ፍሰት ያልተለካበት ጥናት ሁለተኛውን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም፤ የከፍታ ምልክት የተቀባበት አንድ የድልድይ ምሰሶና በጅረቱ ላይ የሚለቀቅ ተንሳፋፊ እንጨት እንኳ ለመነሻ ግምት ይበቃሉ።

ጎርፉን ለመያዝ ሰው በጎርፍ መካከል መቆም የለበትም። በደረቅ ወራት በጅረቱ ዳር ጠንካራ ምሰሶ ተተክሎ በተለያየ ከፍታ ጠርሙሶች ይታሰራሉ። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ክዳን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ያልፋሉ፤ አንዱ ውሃ ያስገባል፣ ሌላው አየር ያስወጣል። የጎርፉ ወለል ወደ ላይ ሲወጣ እያንዳንዱ ጠርሙስ በተራው ይሞላና ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ውሃ አይቀበልም። የታችኛው ጠርሙስ የጎርፉን ግንባር፣ የላይኛው ከፍታውን ይዞ ያድራል። ዕቃው ከፕላስቲክ ጠርሙስና ከሕክምና ቱቦ በአገር ውስጥ ይሠራል። ድክመቱም ግልጽ ነው፤ በምሰሶው ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጠርሙስ ለባክቴሪያ ምርመራ አይሆንም፤ ለድፍርስነት፣ ለደለልና ለፎስፈረስ ግን ይሆናል። በጥቂት ጎርፎች ላይ ሰው ተገኝቶ ድፍርስነትንና ባክቴሪያን ጎን ለጎን ከለካ የሁለቱን ዝምድና አውጥቶ ሌሎቹን ጎርፎች ከድፍርስነቱ መገመት ይችላል። ዝምድናው የዚያ ጅረት ብቻ ነው፤ ወደ ጎረቤት ተፋሰስ አይወሰድም።

ድፍርስነት ለሌላ ምክንያትም ያስፈልጋል። ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው «ውሃ አጋር» እና መሰሎቹ የክሎሪን ማከሚያዎች በድፍርስ ውሃ ውስጥ ኃይላቸው ይደክማል፤ ክሎሪኑ ጀርሙን ከማግኘቱ በፊት በአፈሩና በብስባሹ ይበላል። በሐምሌ ውሃው እጅግ በሚበከልበት ወቅት ማከሚያው ብዙ የማይሠራ ይሆናል። ስለዚህ ውሃው አድሮ እንዲጠል ማድረግና በጨርቅ ማጥለል ከማከሙ በፊት መምጣት አለባቸው።

የማን ዓይነ ምድር?

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ሆነ የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ እንዳይገኝ ይጠይቃሉ። ናሙናው በቅዝቃዜ ተይዞ ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር ይኖርበታል። ከሰቆጣ ባሕር ዳር የአንድ ቀን ያህል መንገድ በመሆኑ ይህ ደንብ በተግባር ላቦራቶሪው ወደ ናሙናው እንዲመጣ ያስገድዳል። በባትሪ የሚሠራ የመስክ ኢንኩቤተርና ስስ ማጣሪያ ይህን ያሟላሉ። ከዚህም የሚቀል መንገድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 በህንድ ተመራማሪዎች የቀረበው የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ወረቀት። ወረቀቱ ያለበት ጠርሙስ በናሙናው ተሞልቶ በሞቀ ቦታ ሲቀመጥ የሰገራ ብክለት ካለ አንድና ሁለት ቀን ውስጥ ይጠቁራል። ቁጥር አይሰጥም፤ ሰልፋይድ ባለው የከርሰ ምድር ውሃም ይሳሳታል። ሆኖም ማንበብ ለማይችል ሰውም ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ ለማኅበረሰብ ውይይት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ኢ. ኮላይ ራሱ የሚያወላውል ምስክር መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በሃዋይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት በሞቃት አገር አፈር ውስጥ ያለ አዲስ ሰገራ ሊኖርና ሊራባ ይችላል። ጎርፍ አፈሩን ሲያጥብ የሚያመጣው ባክቴሪያ ከፊሉ የቆየ የአፈር ነዋሪ ሊሆን ስለሚችል ማንም ካልሰፈረበት ተዳፋት የሚወርድ ጎርፍም አብሮ መለካት አለበት። ከዚህም የሚከብደው ጥያቄ ዓይነ ምድሩ የሰው ነው ወይስ የከብት የሚለው ነው። ኢ. ኮላይ ይህን አይለይም። የአንጀት ባክቴሪያዎችን የዘር ምልክት በመፈለግ የሰውን ከአመንዣኪ እንስሳት የሚለዩ ዘዴዎች አሉ፤ ውድ ናቸው፤ ነገር ግን ማጣሪያ ወረቀቱን አቀዝቅዞ ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ መላክ ስለሚቻል ለጥቂት የተመረጡ ናሙናዎች ከአቅም በላይ አይደሉም።

ጥያቄው የሰቆጣን ስም ከያዘ አገራዊ ጉዳይ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ይፋ ያደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት የታለመ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ በአማራና በትግራይ ክልሎች በተከዜ ተፋሰስ ባሉ ወረዳዎች ተጀምሯል። ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ከምሰሶዎቹ መካከል ናቸው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ውጤታቸው የታተመ፣ በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ የተካሄዱ ሰፋፊ ሙከራዎች በቤተሰብ ደረጃ የተደረገ የውሃ፣ የመጸዳጃና የእጅ መታጠብ ማሻሻያ የሕፃናትን የቁመት ዕድገት እንዳልለወጠ አሳይተዋል። ውጤቱ ብዙ ሰው አስደንግጧል። ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ ማሻሻያው የከብትና የዶሮ ኩስን አልነካም የሚል ነው። ሰውና ከብት ከአንድ ጉድጓድ በሚጠጡበት በዋግ ኽምራ ይህ ማብራሪያ ሊፈተን የሚገባው ነው። ከጉድጓዱ የተገኘው ዓይነ ምድር በአብዛኛው የከብት ሆኖ ከተገኘ መጸዳጃ መገንባት ብቻውን ያንን ጉድጓድ አያጠራም፤ ለከብቱ የተለየ መጠጫ ማበጀት ከመጸዳጃው እኩል የሕፃናት ጤና ሥራ ይሆናል። በዚያው ልክ የመለኪያው ነጥብ ጉድጓዱ ላይ መቆም የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ጥናት የውሃ ጥራት ክፍል ኢ. ኮላይ በመቅጃው ቦታም፣ በቤት ውስጥ ሊጠጣ በተቀዳው ውሃም ተፈትሿል። በሰቆጣም ከጉድጓዱ እስከ ጀሪካኑ፣ ከጀሪካኑ እስከ ሕፃኑ ኩባያ ያለው መንገድ መለካት ይኖርበታል።

ወደ ተከዜ

ከከተማው የወጣው ጎርፍ መጨረሻው ተከዜ ነው። 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ወንዙ በግድቡ ሐይቅ ይቆማል፤ በዝቋላና በአበርገሌ በኩል ዓሣ ማጥመድ የእርሻና የከብት እርባታ ለነበረው ሕዝብ አዲስ እንጀራ ሆኗል። ፎስፈረስ ከደለል ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ በጎርፍ የመጣው አብዛኛው በሐይቁ መግቢያ ላይ ይቀመጣል። ከሰፊው ተፋሰስ አንጻር የአንዲት ትንሽ ከተማ ድርሻ ጥቂት መሆኑን መቀበል ተገቢ ነው፤ የተራቆተው ተዳፋት ከከተማው የበለጠ ደለል ይልካል። ሆኖም በሐይቁ ወለል የሚነባበረው ደለል በየክረምቱ የሚጻፍ መዝገብ ነው። ወደ ኋላ መለካት ያልተቻለው ያለፈው ጊዜ እዚያ ይገኛል። በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር በሰቆጣ የሚገኘው የምርምር ማዕከልና በዙሪያው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚሰጧቸው የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቶች ከዚህ የተሻለ ርዕስ ማግኘት ቀላል አይሆንም።

ውጤቱ ለማን ይነገራል?

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከፋብሪካ ጋር ነው። በካይ ይኖራል፤ ቧንቧ ይኖራል፤ ቧንቧው ይዘጋል። በሰቆጣ የሚዘጋ ቧንቧ የለም። ይሁንና አዋጁ የከተማ አስተዳደሮች የደረቅና የፍሳሽ ቆሻሻ አሰባሰብ፣ ማጓጓዝና አወጋገድ እንዲያረጋግጡ ግዴታ ይጥላል፤ የክትትሉ ውጤት በመጀመሪያ የሚደርሰው ለዚህ አካል ነው። ውጤቱን ከንቱ ላለማድረግ ሪፖርቱ የአማካይ ቁጥር ሠንጠረዥ ከሚሆን ይልቅ የትኛው ቦይ በመጀመሪያው ጎርፍ ብዙውን እንዳመጣ ቢያሳይ ይሻላል። አንድ የጽዳት ዘመቻ በየትኛው ቦይ፣ ከሰኔ በፊት በየትኛው ሳምንት መደረግ እንዳለበት የሚወስነው ይህ ነው።

ውሃውን የሚጠጡት ሰዎች ግን ሪፖርት እስኪታተም አይጠብቁም። ሌላ ውሃ ለሌላቸው ሰዎች «ውሃችሁ ተበክሏል» ብሎ መሄድ ጥማትን ከፍርሃት ጋር ትቶ መሄድ ነው። ናሙና በተወሰደ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ፣ እንደ ሰዉ አማርኛ ወይም ኽምጣና፣ ከውጤቱ ጋር ሊደረግ የሚችል ነገር አብሮ ሊነገር ይገባል፤ ማለዳ አዲስ ጉድጓድ መጫር፣ ከብቱን ከታች ማጠጣት፣ ጉድጓዱን ማጠር፣ ውሃውን አጥልሎ ማከም። ይህን ለማድረግ ከውሃ ቀጂዎቹ መካከል አንዲት ሁለት ሴቶች ከጥናቱ መጀመሪያ ጀምሮ አብረው መኖር አለባቸው። የትኛው ጉድጓድ መቼ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ውሃ በየትኛው ወር ሽታው እንደሚለወጥ የሚያውቁት እነርሱ ስለሆኑ የናሙና ነጥቦቹ ካርታ የሚጀምረው ከእነርሱ ነው።

የጎርፍ ጠርሙሶቹም ጠባቂ ያስፈልጋቸዋል። በደጋው ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላና በማታ ነው፤ ተመራማሪው ያኔ በቢሮው ወይም በሌላ ከተማ ይሆናል። ምሰሶው በግንቦት ተተክሎ፣ ጠርሙሶቹ ሰኔ ሳይጋመስ ታስረው፣ ደብተሩና እርሳሱ ከጅረቱ ዳር ቤት ላለው ሰው መሰጠት አለባቸው፤ ጎርፉ የመጣበትን ሰዓትና የደረሰበትን ምልክት የሚጽፈው እርሱ ነው።